የጥድ አጥሩ ሌባ

አባቴ ገመና መሸፈኛ ይሸጥ ነበር። እርግጥ ሰሌዳው ላይ የተጻፈው «የአጥር ጥድ ችግኝ» የሚል ነው፤ ግን ከቤታችን ጎን ወደነበረችው የችግኝ ቦታው ጥድ ናፍቆት የሚመጣ ሰው አይቼ አላውቅም። የሚመጣው ሁሉ የጎረቤት ዓይን የመረረው ነው።

«ቁመቱ እስከ ምን ድረስ ይሁንልዎ?» ይላል አባቴ፣ ሜትሩን ከኪሱ እየመዘዘ።

ደንበኛው ግራ ቀኙን ይገላምጥና «ማዶ ያሉት ሰዎች ጓሮዬን እንዳያዩ» ይላል፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። አንዷ ሴትዮ «እኔ እንኳ የምደብቀው ነገር የለኝም፣ ግን ትንሽ ከፍ ቢል» ስትል ትዝ ይለኛል። አባቴ «እንዴታ!» ብሎ ከሁሉም የሚረዝመውን አሳያት።

ምን እንደሚደብቁ ጠይቆ አያውቅም። «ሐኪምና አጥር ሻጭ የሰው ምስጢር አያወጡም» ይል ነበር፣ ደረቱን ነፍቶ። አጥር ሊተክል ሲሄድ እንኳ ማን ቤት እንደሚሄድ ለማንም አይናገርም፤ ለእናቴም ጭምር። «ሥራ አለብኝ» ብሎ አካፋውንና ትልቁን መቀስ ጭኖ ይወጣል፣ አለቀ። ሰላይ እንኳ የሚሄድበትን ለአለቃው ይናገራል፤ አባቴ ግን አለቃ አልነበረውም።

እኔ ያኔ ስምንት ዓመቴ ነበር፤ ከዚህ ሁሉ የተረዳሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ አጥሩ የረዘመ ሰው ትልቅ ሰው ነው። በመንገዳችን ላይ ደግሞ ረጅሙ አጥር የእኛ ነበር። ስለዚህ የሰፈሩ ትልልቅ ሰዎች እኛ መሆናችንን ትምህርት ቤት አፌን ሞልቼ እናገር ነበር። አሁን ሳስበው ብዙም አልተሳሳትኩም፤ የምንደብቀው ከሁሉም ይበልጥ ነበር።

የአባቴ ጥድ ጫካ ውስጥ የሚበቅለው ዓይነት አይደለም። ቅጠሉ ቀጭን፣ ጠፍጣፋ፣ ከላይ ጥቁር አረንጓዴ፣ ከሥሩ ፈዘዝ ያለ፣ በእጅ ሲዳስሱት የማይወጋ ነው። ዓመቱን ሙሉ አይረግፍም። እድገቱ ግን ያስለቅሳል፤ በዓመት አንድ ስንዝር ከጨመረ አባቴ ልጅ የተወለደለት ያህል ደስ ይለዋል። በመቀስ በተከረከመ ቁጥር ጥቅጥቅ እያለ ይሄዳል፣ በመጨረሻ ድመት እንኳ አያሾልክም። ቀይ ቀይ ፍሬም አለው፤ ሲያዩት ከረሜላ፣ ውስጡ ያለችው ዘር ግን መርዝ ናት። «ላዩን አይተሽ እንዳትታለዪ» ትለኝ ነበር እናቴ። የምታወራው ስለ ፍሬው ብቻ ይመስለኝ ነበር።

እናቴ የምትሠራው ላውንደሪ ነው። ካውያ ከእጇ አይለይም። የሸሚዝ ኮሌታ አይታ ባለቤቱ ከሚስቱ ጋር በሰላም ይኑር አይኑር ትናገራለች፣ ብዙ ጊዜም አትሳሳትም። እቤት ስትመጣ ደግሞ የአባቴን ሸሚዝ ትተኩሳለች፤ አፈር ሲቆፍር የሚውል ሰው የተተኮሰ ሸሚዝ ምን እንደሚያደርግለት ማንም ጠይቋት አያውቅም። የማን ባል እንደሆነ ሰው እንዲያውቅ ነው።

በዚያ ዓመት የእናቴ ሆድ ገፋ። ታናሽ እንደሚመጣልኝ ሲነገረኝ ወንድ እንዲሆን አዘዝኩ። ከዚያ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ በር የከፈቱልኝ ጎረቤታችን እትዬ መርፌ ሆኑ። ልብስ ሰፊ ናቸው፤ መርፌ ከአፋቸው ስለማይጠፋ ሰፈሩ ያወጣላቸው ስም ነው፣ ትክክለኛውን ስማቸውን እሳቸው ራሳቸው የሚያስታውሱት አይመስለኝም።

«እናትሽ ሐኪም ቤት ሄዳለች። አባትሽ የታለ?» አሉኝ።

«ሥራ።»

«የት ሥራ?»

«ምስጢር ነው» አልኩ፣ በኩራት።

እትዬ መርፌ ወደ መንገድ ወጥተው ጋሽ ፊሽካን ጠሩ። ጋሽ ፊሽካ ጡረታ የወጡ የባቡር ትኬት ተቆጣጣሪ ናቸው፤ ባቡሩ ቢለያቸውም ፊሽካው አልተለያቸውም። በብስክሌታቸው ከተማውን ሲዞሩ ዋሉ፣ አባቴን የሚያውቁ ሰዎችን ሁሉ ጠየቁ፣ በየአጥሩ ሥር አንገታቸውን አስግገው ፈለጉ። አላገኙትም። አባቴ የመጣው ሲመሽ ነው፣ ጫማው ላይ አፈር እንደተጋገረ፣ እያፏጨ።

እናቴ ከብዙ ቀን በኋላ ተመለሰች፣ ሆዷ የለም፣ ወንድሜም የለም። «ሆዷን አሟት ነው» አሉኝ። ያልታመመ ሆድ ደግሞ ሐኪም ቤት ምን ይሠራል? በቂ መልስ ነበር።

ዛሬ የማውቀውን ልንገራችሁ። ወንድሜ ሳያለቅስ ተወለደ። እናቴ ትኩሳት ይዟት ለቀናት ራሷን አታውቅም ነበር። አባቴ ሲደርስ የሚጠብቀው አንድ ሥራ ብቻ ነበር፤ ልጁን ተቀብሎ መቅበር። ያንን እሷ ሳትነቃ አደረገው። በዚያ ቀን የአንድ ትልቅ ሰው ግቢ ጥድ ሲተክል ነበር የዋለው። የማን ግቢ እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። ምስጢር ጠባቂ ሰው ነበር አላልኳችሁም?

እናቴ ለምን ዘገየህ አላለችውም። አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። በመጣች ማግስት፣ መሸት ሲል፣ የወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማ በሚያሳዝን ጸጥታ «ከችግኞችህ ጋር እደር» አለችው። ይኸው ነው። አባቴ ባርኔጣውን አነሳ፣ ብርድ ልብስ ከቁም ሳጥኑ አወጣ፣ ሄደ።

በጓሮ በር ተከተልኩት። «አባዬ፣ የት ነው?»

ከጭንቅላቴ በላይ ጥዱን ጥዱን አየ። «ሌባ አለ፣ ሚጣዬ» አለኝ። «ችግኝ የሚነቅል ሌባ። መጠበቅ አለብኝ።»

ሌባው የተወለደው በዚህ ሁኔታ ነው።

አባቴ ከዚያ ወዲያ የሚያድረው ችግኝ ቦታው ውስጥ ባለችው የዕቃ ቤት ነበር፣ የአፈር ከረጢቶች ደርድሮ። ችግሩ የማደሪያው አልነበረም፤ የመውጫው ነበር። ጠዋት ከዕቃ ቤቱ ወደ መንገድ ቢወጣ ሰው ያያል፣ ሰው ካየ ያወራል፣ ሰው ካወራ ደግሞ እኛ ትልልቅ ሰዎቹ አለቀልን። ስለዚህ ሃያ ዓመት ሙሉ ያሳደገውን፣ ቅርንጫፍ ከሰበርሽ እጅሽን እሰብራለሁ ያለኝን ጥድ፣ በገዛ መቀሱ ቀደደው። ቤታችንንና ችግኝ ቦታውን የሚለየው አጥር መሃል ላይ አንድ ቀዳዳ ከፈተ። እጁ አመል አለበትና ዝም ብሎ ቀዳዳ መክፈት አልሆነለትም፤ ዙሪያውን ከርክሞ አሳመረው። ሲያልቅ ልክ እሱን ያህል ሆነ፣ ቦርጩም ሳይቀር።

ሁልጊዜ ጠዋት በዚያ ቀዳዳ ይገባል። ከቀዳዳው አጠገብ ካለ ቅርንጫፍ ላይ የተተኮሰ ሸሚዝ ተንጠልጥሎ ይጠብቀዋል። እናቴ ባሏን አባረረች እንጂ ሸሚዙን አላባረረችም። እዚያው ጥዱ ሥር ይለብሳል፣ ትከሻው ላይ የወደቀውን ቅጠል ያራግፋል፣ ግቢያችንን አቋርጦ የመንገዱን በር ይከፍታል፣ ከዚያ ወደ ቤት ዞሮ ድምፁን ከፍ ያደርጋል።

«ደህና ዋይ የኔ እመቤት!»

እናቴ ወጥ ቤት ውስጥ ቀና ሳትል፣ መንገድ ድረስ በሚሰማ ድምፅ፣ «በሰላም ግባ የኔ ጌታ!» ትላለች። ድምፅዋ ማር ነው፤ ፊቷን ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ።

አባቴ ከዚያ ጥቂት ተራምዶ ወደ ችግኝ ቦታው በር ይታጠፋል፣ ወደተነሳበት። ማታ ደግሞ ሁሉም ነገር በተገላቢጦሽ ይደረጋል፤ በመንገዱ በር በክብር ይገባል፣ በቀዳዳው ይወጣል።

እኔ ነገሩ ገብቶኝ ነበር። ይህ ሁሉ ሌባውን ለማሞኘት ነው። ሌባው አባዬ ቤቱ የሚያድር መስሎት ተዝናንቶ ይመጣል፣ አባዬ ግን ችግኞቹ መሃል አድፍጧል፤ ቀጭ! እንዲህ ያለ ጀግና አባት ስላለኝ ልቤ ሊፈነዳ ይደርስ ነበር። በአልጋዬ ላይ ሆኜ ግን ናፍቆቱ ያስለቅሰኛል። ሌባው ቶሎ ተይዞ አባዬ ወደ ቤት እንዲመለስ ነበር የምጸልየው።

እትዬ መርፌ የሚኖሩት ከጎን ባለው ቤት ፎቅ ላይ ነው። የትምህርት ቤት ልብሴን ሊለኩልኝ ወንበር ላይ ያቆሙኝ ቀን በመስኮታቸው ወደ ውጭ ስመለከት ግቢያችን ወለል ብሎ ታየኝ፤ ቀዳዳው፣ ሸሚዙ፣ ዕቃ ቤቱ ደጃፍ የተሰጣው ብርድ ልብስ። አባቴ ዕድሜ ልኩን አጥር ሲለካ የለካው የመንገደኛ ዓይን ነው። ሰው ፎቅ ላይ ቁጭ ብሎ ቁልፍ እየተከለ ቁልቁል ሊያይ ይችላል ብሎ አላሰበም።

«አባትሽ ደህና ነው?» አሉኝ እትዬ መርፌ፣ በመርፌዎቹ መሃል።

ከአፍ የወጣ አፋፍ ይሉ የለ! ሁሉንም ዘረገፍኩት። ሌባው እንደሚመጣ፣ አባዬ እንደሚያደፍጥ። ሌባ ብቻውን ደረቅ ስለሆነብኝ ደግሞ ጢም አበቀልኩለት፣ አንድ ዓይኑንም አጠፋሁለት።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የሚጠብቀው?»

«እማዬ ከሐኪም ቤት ከመጣች ጀምሮ።»

እትዬ መርፌ መርፌዎቹን ከአፋቸው እያወጡ መርፌ መሰኪያቸው ትንሽ ትራስ ላይ ሰኩ። መርፌ ከአፋቸው ካወጡ ነገሩ ከባድ ነው። «እናትሽስ? ስለ ሌባው ምን ትላለች?»

«እማዬ ምንም አትልም።»

«እሱማ» አሉ። ከዚያ መስኮቱን ከፈቱና ወደ ታች ተጣሩ፦ «ጋሼ! እስቲ ብቅ ይበሉ! ሰፈራችን ሌባ ገብቷል አሉ!»

ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም ይባላል። የኔ ግን ለሰፈሩ ተርፎ ነበር።

በዚያው ዕለት አመሻሽ ላይ ጋሽ ፊሽካ በራችንን አንኳኩ። የድሮውን የሥራ ልብሳቸውን ለብሰዋል፣ ቁልፎቹ ቦርጫቸው ላይ እየተጨነቁ። ፊሽካው አንገታቸው ላይ፣ ባትሪ በአንድ እጅ፣ በርጩማ በሌላው። ከኋላቸው እትዬ መርፌ በፔርሙዝ ሻይ ይዘው ቆመዋል። አባቴ ገና በመንገዱ በር በክብር መግባቱ ነበር።

«አንተ ሰው፣ ጎረቤት እያለህ ብቻህን ሌባ ትጠብቃለህ?» አሉ ጋሽ ፊሽካ፣ መንገዱ ሁሉ እስኪሰማ። «እኛ ሞተናል?»

አባቴ እኔን አየኝ። እኔ ፈገግ አልኩለት። «ኧረ ጋሼ፣ ይሄን ያህል እንኳ…»

«ዝም በል! ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም። አንተን የናቀ እኔን ንቋል። ከዛሬ ጀምሮ ችግኙን የምጠብቅ እኔ ነኝ። አንተ ግባ፣ ከሚስትህ ጋር ቤትህ እደር።»

«ጋሼ፣ ብርዱ ለእርስዎ…»

«እኔን ብርድ? ከባቡር ጣራ ሥር አርባ ዓመት!»

እናቴ በር ላይ ደርሳለች። እትዬ መርፌ ጠጋ ብለው ክንዷን ያዙ። «ምስኪን፣ ባልሽ ውጪ ሲያድር እንቅልፍ አጥተሽ ከስተሻል እኮ» አሏት። «አይዞሽ፣ ከእንግዲህ ቤቱ ያድርልሻል።»

እናቴ አፏን ከፈተች። አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃ ነበር፦ ሌባ የለም፣ ያባረርኩት እኔ ነኝ። አባቴም አፉን ከፍቶ ነበር። ሁለቱም እኩል ከፈቱት፣ ሁለቱም እኩል ዘጉት። ይሉኝታ የሚባለው ነገር ያን ዕለት ባይኖር ኖሮ እኔ ያለ አባት አድግ ነበር፤ ስለዚህ ሰዎች ይሉኝታን ሲያሙ አልተባበርም።

«እግዜር ይስጥልን እትዬ» አለች እናቴ፣ ጥርሷን ገጥማ።

ሁለቱ ጎረቤቶቻችን እንዴት እንደተማከሩ ካደግሁ በኋላ እትዬ መርፌ ነግረውኛል። «ገብተን ታረቁ ብንላቸው ማን ተጣላ ይሉናል» አሉኝ። «እነሱ ያልተጣሉትን እኛ እንዴት እናስታርቅ? ሌባውን ብንጠብቅላቸው ይሻላል አልን።»

አባቴ ቤቱ ገባ። እኔ በደስታ አልጋ ላይ ዘለልኩ። እሱ ሳሎን ካለው አግዳሚ ላይ ተኛ፤ ሌባው ቢመጣ ቶሎ እንዲነሳ ነው ብዬ አሰብኩ። ምግብ ስንበላ አንድ ጠረጴዛ ላይ ፊት ለፊት ይቀመጣሉ፣ እኔ መሃል።

«ለአባትሽ ሾርባው እንዳይቀዘቅዝበት ንገሪው።»

«አባዬ፣ ሾርባው እንዳይቀዘቅዝብህ።»

«ለእናትሽ እጇን ይባርከው በያት።»

«እማዬ፣ እጅሽን ይባርከው።»

«ለአባትሽ አሜን በይው።»

የስልክ ቤት ሠራተኛ ሆንኩ፣ የሚገርመው ሁለቱም መስመር ላይ ተቀምጠው። አንዳንዴ መልእክቱ ሲበዛ ሾርባው የሚቀዘቅዘው በእኔ ላይ ነበር።

ከጥዱ ማዶ ደግሞ ጋሽ ፊሽካ ሥራቸውን በቁም ነገር ይዘውታል። ድመት ባለፈ ቁጥር ፊሽካ ይነፋሉ። ፊሽካው በጮኸ ቁጥር አባቴ ከወንበሩ ብድግ ይላል፣ ከዚያ ሌባውን ራሱ እንደፈጠረው ትዝ ይለውና ይቀመጣል። ጥበቃው ሥራ ፈት አድርጓቸው ስለነበር ጋሽ ፊሽካ ችግኞቹንም መንከባከብ ጀመሩ፤ ጠዋት አባቴ ሲሄድ ሁሉም ችግኝ በውሃ ተጥለቅልቆ፣ ትንንሾቹ ደግሞ እንደ ተሳፋሪ በሰልፍ ተደርድረው ያገኛቸዋል። ጥድ ሥሩ ውሃ ከተኛበት ይበሰብሳል። አባቴ «እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ» ይላል፣ ጥርሱን ገጥሞ። በዚህ በኩል ባልና ሚስቱ ተመሳስለው ነበር።

ቀዳዳው ሥራ ፈታ። ሸሚዙ ቅርንጫፍ ላይ መንጠልጠሉን ትቶ በወንበር መደገፊያ ላይ መንጠልጠል ጀመረ። መናገር ግን አልተናገሩም። አባቴ አንዳንዴ እናቴን ከኋላዋ ቆሞ ሲያያት ይቆያል፣ ልትዞር ስትል ወደ መስኮቱ ይዞራል። ቤቱ ውስጥ ያለ አባት ይበልጥ እንደሚናፍቅ ያኔ ነው ያወቅሁት፣ ምክንያቱ ግን አልገባኝም።

ከዚያ ዝናብ የጣለበት አንድ አመሻሽ መጣ። ገና ሳይጨልም አልጋዬ ላይ ወጣሁ፣ ጉሮሮዬን አሞኝ ነበር። የክፍሌ በር ገርበብ ብሏል። እናቴ ወጥ ቤት ውስጥ ሸሚዝ ትተኩሳለች፤ ካውያው እርጥብ ጨርቅ ሲነካ ሺሽ ይላል። አባቴ በር አጠገብ ተቀምጦ መቀሱን ይስላል። የምሰማው ዝናቡን፣ ካውያውንና ሞረዱን ነው። ድንገት ካውያው ዝም አለ።

«አየኸው?» አለች እናቴ።

መልእክቱን እንዳደርስ የጠሩኝ መስሎኝ ልነሳ ነበር። ግን የጠራኝ የለም።

አባቴ መቀሱን ጭኑ ላይ አስቀመጠ። ሞረዱም ዝም አለ። «አየሁት» አለ።

«በደንብ?»

«በደንብ። ይዤው ነበር።»

አልጋዬ ላይ ቀጥ ብዬ ተቀመጥኩ። ይዞት ነበር! ሌባውን ይዞት ነበር፣ ለኔ ግን አልነገረኝም!

«ፀጉር ነበረው?»

«ብዙ። ጥቁር። ግንባሩ ድረስ።»

«ጣቶቹስ?»

«ረጃጅም። ያንቺን ጣት ነው የያዘው።»

ዝናቡ ጣራው ላይ በረታ፣ የሚቀጥለው እንዳያመልጠኝ በሩ ጋ በባዶ እግሬ ሄድኩ። እናቴ ካውያውን ይዛ ቆማለች፣ ሸሚዙን ግን አልነካችውም። አባቴ እጁን እያየ ነው፣ መዳፉን ዘርግቶ።

«ማንን ይመስላል?»

«አንቺን» አለ። «ሁለመናው አንቺን። አገጩ ብቻ የኔ።»

«በምን ጠቀለልከው?»

«በሸሚዜ። ሌላ ምን ነበረኝ? ከሥራ እንደተመለስኩ፣ ቤት ሳልገባ ነው የሄድኩት።»

«ከሥራ…» አለች እናቴ። ድምፅዋ ተሰበረ። «አፈር ነበረበታ።»

«ትንሽ። እጅጌው ላይ ብቻ። እጅጌውን ወደ ውጭ አጠፍኩት፣ እንዳይነካው።»

እናቴ ካውያውን አስቀመጠችና ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ተደገፈች። «ንጹህ ነበረኝ እኮ» አለች። «ቁም ሳጥኑ ሙሉ ንጹህ ነበረኝ። ለልጄ አንድ ንጹህ ሸሚዝ…» ከዚያ በኋላ ያለው ቃል አልነበረም።

አባቴ ተነስቶ ሄደ፣ አጠገቧ ደርሶ ቆመ፣ መንካት ፈርቶ። «የት እንደምሄድ ልነግርሽ ይገባ ነበር» አለ። «የማንም ጓሮ ይታይ። አጥሩ ገደል ይግባ።» እናቴ በጡጫዋ ደረቱን መታችው፣ ደጋግማ፣ ሳታጠነክር። አልሸሸም። ከዚያ ጭንቅላቷን እዚያው የመታችበት ቦታ ላይ ጣለች።

እናቴ ልጇን አላየችውም። በዓለም ላይ ስለ ፊቱ የምትጠይቀው አንድ ሰው ብቻ ነበረ፣ ያንን ሰው ደግሞ አጥር ማዶ ጥላዋለች። ይህን ለመረዳት እኔ ራሴ መውለድ ነበረብኝ።

የዚያን ዕለት ግን የተረዳሁት ሌላ ነው። ወደ አልጋዬ ተመልሼ ሁሉንም ገጣጠምኩት። ሌባው እናቴን ይመስላል፤ ስለዚህ ዘመዷ ነው። አባዬ ይዞት በሸሚዝ ጠፍሮት ነበር፣ የሚስቱ ዘመድ መሆኑን ሲያይ ግን ይሉኝታ ያዘውና ለቀቀው። እናቴ ያለቀሰችውም በዘመዷ አፍራ ነው። የተዘጋው ነገር ሁሉ ተከፈተልኝ። ከአእምሮዬ ፍጥነት የተነሳ ራሴን አደነቅሁ።

ጠዋት ዝናቡ አባርቷል። ወላጆቼ ገና አልተነሱም፤ ሳሎን ያለው አግዳሚ ባዶ ነበር፣ አባዬ አልጋው ላይ ተኝቶ ይሆናል ብዬ አለፍኩ። በቀዳዳው ሾልኬ ችግኝ ቦታው ገባሁ። ጋሽ ፊሽካ በርጩማቸው ላይ ቁጭ ብለዋል፣ እትዬ መርፌ ሻይ ይቀዱላቸዋል።

«ሌባው ታውቋል!» አልኩ።

«ደግ» አሉ ጋሽ ፊሽካ። «አንድ ዓይናው?»

«አይደለም፣ ሁለት ዓይን አለው። ጢምም የለውም፣ ተሳስቼ ነው።» ትንፋሼን ሰበሰብኩ፣ ሪፖርት እንደሚያቀርብ ሰው እጄን ወደ ጎኔ አደረግሁ። «ፀጉሩ ብዙ ነው፣ ጥቁር፣ ግንባሩ ድረስ። ጣቶቹ ረጃጅም ናቸው። እማዬን ይመስላል፣ አገጩ ብቻ የአባዬ። አባዬ ይዞት ነበር። በሸሚዙ ጠቅልሎት ነበር።»

ሻዩ ከስኒው አልፎ ፈሰሰ። እትዬ መርፌ መቅዳታቸውን አላቆሙም።

ጋሽ ፊሽካ ባርኔጣቸውን አወለቁ። «ይህንን ማን ነገረሽ?»

«ሲያወሩ ሰማሁ። ትናንት።»

«ሲያወሩ? እናትሽና አባትሽ?»

«አዎ።»

«እርስ በርሳቸው?»

«እርስ በርሳቸው። እኔ ምንም አላደረስኩም።»

እትዬ መርፌ በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ያዙ። እየሳቁ ነው ብዬ ነበር፣ ከዚያ ደግሞ እንዳልሆነ ተጠራጠርኩ። ጋሽ ፊሽካ ቀስ ብለው ተነሱ፣ በርጩማቸውን አነሱ፣ ባትሪያቸውን አነሱ፣ ፊሽካውን ከአንገታቸው አውልቀው ኪሳቸው ከተቱ።

«የት ነው የሚሄዱት ጋሼ?» አልኩ።

«ቤቴ። ጥበቃው አበቃ።»

«ሌባውስ? አሁን እኮ መልኩን አወቅን! አትይዙትም?»

ስንቱን ትኬት አልባ ከነሻንጣው ከባቡር ያወረዱ ሰው ናቸው፣ ልጅ ሽማግሌ አይሉም ነበር አሉ። ጎንበስ ብለው ፊቴን በትልቅ መዳፋቸው ያዙ።

«እሱስ ይለፍ፣ ሚጣዬ» አሉኝ። «እሱ ልጅ ከማንም ምንም አልወሰደም።»

«ልጅ አይደለም እኮ፣ ሌባ ነው!» ብዬ ጮህኩባቸው። እትዬ መርፌ ክንዳቸውን ይዘዋቸው ወጡ፣ ሁለቱም አንገታቸውን ደፍተው፣ እየተደጋገፉ። እኔ እዚያው ችግኞቹ መሃል ቀረሁ፣ በንዴት እያለቀስኩ። ሰፈር ሙሉ ትልልቅ ሰው ተሰብስቦ አንድ ሌባ መያዝ አቃተው።